ፈርዲናንድ ፖርሸ፦ ስለ ዋናው ሥራና ስለ ቅጂው

የጥንት የስፖርት አውቶሞቢል ወዳጆችን ከሚያከራክሩ ጉዳዮች ዋነኛው፥ በዘመኑ በፋብሪካው የተሠራውን እውነተኛ መኪና በብዙ ወጪና ድካም ፈልጎ መያዝ ይሻላል ወይስ መልኩን አስመስሎ በቅርብ ጊዜ የተሠራውን ቅጂ በቀላል ዋጋ ገዝቶ መንዳት ይበቃል የሚለው ነው። ጉዳዩ ከሩቅ ሲያዩት የሀብታሞች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጋራዦች አንድ አሮጌ ቮልስ ዋገን ለጥገና በገባ ቁጥር ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ይነሣል። ቦዲው እንደ ጥንቱ ይመለስ ወይስ ተቆርጦ የሌላ መኪና መልክ ይሰጠው? ዋናው ሞተር ይታደስ ወይስ ሌላ ይገጠምለት? በሊብሬው ላይ የተመዘገበው የሻንሲና የሞተር ቁጥርስ በመኪናው ላይ ካለው ጋር ይስማማል ወይ? ለመካኒክና ለመሐንዲስ ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሙያ እምነት ጉዳይም ነው።

ስለዚህ ነገር ለማሰብ የፈርዲናንድ ፖርሸ የሕይወት ታሪክ እጅግ ጠቃሚ መነሻ ይሆናል። ከዚህ ሰው እጅ የወጡት ሥራዎች በዓለም ላይ ከማንም ይልቅ ቅጂ ከበዛባቸው መኪናዎች የሚቈጠሩ ሲሆኑ፥ የገዛ ራሱ ታላቅ ሥራም ከሌሎች ሐሳብ የተወሰደ ነው ተብሎ ክስ ተነሥቶበታል። ስለሆነም የዋናና የቅጂ ጥያቄ ከሕይወቱ መጀመሪያ እስከ ሞቱ፥ ከሞቱም በኋላ ሳይለየው ቈይቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከቆርቆሮ ሠሪ ቤት

ፈርዲናንድ ፖርሸ መስከረም 3 ቀን 1875 ያን ጊዜ በኦስትሪያ ሃንጋሪ ግዛት ውስጥ በነበረችው፥ ዛሬ ግን በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በማፈርስዶርፍ ተወለደ። አባቱ አንቶን ፖርሸ ቆርቆሮ ሠሪ ነበረ። ሥራውን እንዲወርስ የታሰበው ታላቅ ልጅ በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ በመሞቱ ፈርዲናንድ በልጅነቱ በአባቱ ዎርክሾፕ ገብቶ የቆርቆሮ ሥራ እንዲማር ተደረገ። ልቡ ያዘነበለው ግን ወደ ኤሌክትሪክ ነበረ። ቀን ከአባቱ ጋር ሲሠራ ውሎ ማታ በአቅራቢያው በነበረችው በራይሸንበርግ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ይከታተል ነበረ። ገና ወጣት ሳለም የወላጆቹን ቤት የኤሌክትሪክ ብርሃን አስገባለት። በ1893 ወደ ቪየና ሄዶ በአንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፋብሪካ ተቀጠረ። በዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ የመሐንዲስነት ዲግሪ አላገኘም፤ ኋላ የተሰጡት የክብር ዶክትሬቶች በእጁ ሥራ የመጡ ናቸው።

ስሙ በአደባባይ መጠራት የጀመረው በቪየና የሠረገላ ሠሪ ከነበረው ከያኮብ ሎነር ድርጅት ጋር በሠራው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየው ይህ መኪና ሞተሮቹ በፊት ጎማዎቹ እምብርት ውስጥ የተቀመጡ ስለነበረ ማርሽም ሰንሰለትም አላስፈለገውም። ጉድለቱ የባትሪው ክብደት ነበረ። ፖርሸ ይህን ችግር ለማቃለል በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ዲናሞ እንዲያዞርና ዲናሞው ለጎማዎቹ ሞተሮች ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ አደረገ። ዛሬ ሃይብሪድ የሚባለው አሠራር በዚህ ሰው እጅ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት በመንገድ ላይ ተፈትኖ ነበረ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ለመማር የተነሡ ባለሙያዎች፥ የባትሪ ክብደትና የጉዞ ርቀት የሚባለው አሮጌ ጭንቀት የፖርሸም የመጀመሪያ ጭንቀት እንደ ነበረ ቢያውቁ መልካም ነው።

የውድድር ዘመን

በ1906 ፖርሸ ወደ አውስትሮ ዳይምለር ፋብሪካ የቴክኒክ ኀላፊ ሆኖ ገባ። የሠራቸውን መኪናዎች ራሱ እየነዳ ይፈትናቸው ስለነበረ፥ በ1910 በጀርመን በተካሄደው የልዑል ሃይንሪኽ ውድድር ከመሪው ኋላ ተቀምጦ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም የዚያው ፋብሪካ መኪናዎች ነበሩ። በ1922 ሳሻ የተባለችው ትንሽ መኪናው በሲሲሊ ደሴት በታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር በመደቧ አሸነፈች። በ1923 ወደ ስቱትጋርት ተዛውሮ በዳይምለር ኩባንያ የቴክኒክ ዲሬክተር በሆነ በዓመቱ፥ የመርሴዲስ መኪናዎች በዚያው በታርጋ ፍሎሪዮ ተሳትፈው አጠቃላይ አሸናፊ ሆኑ። በዚያ ውድድር የጀርመኖቹ መኪናዎች በተለመደው ነጭ ፈንታ የጣሊያኖቹን ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበረ። የመንገድ ዳር ተመልካች በባዕድ መኪና ላይ ድንጋይ እንዳይወረውር ታስቦ የተደረገ ነው ይባላል። ቀለሙ የሌላ ቢሆንም ያሸነፈው በውስጡ የነበረው ሞተር ነው።

በዳይምለር ቤንዝ ሳለ ካፈለቃቸው ሥራዎች ሁሉ የላቀ ዝና ያገኘው በ1928 የወጣው መርሴዲስ ኤስ ኤስ ኬ ነው። ሰባት ሊትር የሚያህል ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተርና አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ ነበረው። ኮፈኑ ረጅም የሆነው ረጅም ሞተር መሸፈን ስለነበረበት ነው። ከኮፈኑ ጎን የሚወጡት ወፋፍራም የጭስ ማውጫ ቱቦዎችም ለጌጥ የተሠሩ አልነበሩም። የተሠሩት መኪናዎች አርባ እንኳ ስለማይሞሉ፥ ዛሬ እውነተኛ ኤስ ኤስ ኬ ለማየት ወደ ሙዚየም ወይም ወደ ታላላቅ የጨረታ ቤቶች መሄድ ያስፈልጋል።

ፖርሸ ከዳይምለር ቤንዝ ዲሬክተሮች ጋር ባለመስማማቱ በ1928 መጨረሻ ለቀቀ። ጥቂት ጊዜ በኦስትሪያ በሽታይር ፋብሪካ ከሠራ በኋላ በ1931 በስቱትጋርት የራሱን የዲዛይን ቢሮ ከፈተ። ከዚህ ቢሮ በጀርመኑ አውቶ ኡንዮን ስም የተወዳደረው፥ አሥራ ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ ከነጂው ኋላ የተቀመጠው የውድድር መኪና ወጣ።

የሕዝብ መኪናና የተሸፈነው ታሪክ

ፖርሸ ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሚያልመው ብዙ ሰው ሊገዛው የሚችል ትንሽ መኪና መሥራት ነበረ። በ1932 ለሱንዳፕ፥ ቀጥሎም ለኤን ኤስ ኡ ኩባንያ የመሞከሪያ መኪናዎች ሠርቶ ነበረ፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ሥራውን ተዉት። ገንዘቡን ያገኘው ከሂትለር መንግሥት ነው። ሰኔ 22 ቀን 1934 በተፈረመ ውል ዋጋው ከ1,000 የጀርመን ማርክ የማይበልጥ የሕዝብ መኪና እንዲሠራ ታዘዘ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሞተሩ በኋላ የተቀመጠ፥ በአየር የሚቀዘቅዝ፥ አራት ሲሊንደሮቹ ጎንና ጎን የተጋደሙ፥ ጀርባው የጐበጠ መኪና ተገኘ።

ይህ መኪና ከፖርሸ አእምሮ ብቻ እንደ ፈለቀ አድርጎ መተረክ ለብዙ ጊዜ የተለመደ ነበረ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የታትራ ፋብሪካ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካ ሞተሩ ከኋላ የሆነና በአየር የሚቀዘቅዝ፥ ቅርጹም ነፋስን የሚከፍል መኪና ቀደም ብሎ ሠርቶ ነበረ። ታትራ በፈጠራ መብቱ ላይ ያነሣው ክርክር ጀርመን ቼኮዝሎቫኪያን በወረረች ጊዜ ተቋረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተነሥቶ በ1960ዎቹ ፎልክስዋገን ገንዘብ ከፍሎ በስምምነት አለቀ። የቤላ ባሬንዪ የተማሪነት ዘመን ንድፍም በ1950ዎቹ በጀርመን ፍርድ ቤት ዕውቅና አግኝቷል። ትንሽና ርካሽ የሕዝብ መኪና እንዲሠራ በጽሑፍ የተከራከረውና ራሱም የሞከረው ዮሴፍ ጋንስ ደግሞ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1933 ታስሮ፥ ከጀርመን ለመሰደድ ተገደደ፤ ስሙም ከታሪኩ እንዲጠፋ ተደረገ።

ከዚህ የከፋው በፋብሪካው ውስጥ የተፈጸመው ነው። ግንቦት 26 ቀን 1938 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ፋብሪካ፥ በየሳምንቱ 5 ማርክ እየቈጠቡ መኪናውን ይጠባበቁ ከነበሩት ከ300,000 በላይ ጀርመናውያን ለአንዱም መኪና አላስረከበም። ጦርነቱ ሲነሣ ወታደራዊ መኪናዎችን ማምረት ያዘ። በጦርነቱ ዘመን ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች፥ የጦር እስረኞችና ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ ጭምር፥ በግዳጅ ሠርተውበታል። ፖርሸ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል፤ ከፋብሪካው ኀላፊዎችም አንዱ ነበረ። ታንክም ነድፏል። የቴክኒክ ችሎታው ይህን ሊያስተሰርይለት አይችልም። የአንድ መኪና እውነተኛነት በሻንሲ ቁጥሩ እንደሚፈተን ሁሉ፥ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ እውነተኛነትም የሚፈተነው ደስ የማያሰኘው ክፍል ሳይቀነስ ሲነገር ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ፖርሸ በታኅሣሥ 1945 በፈረንሳዮች ተይዞ ሃያ ወር ያህል ታሰረ። ነሐሴ 1947 በገንዘብ ዋስ ሲለቀቅ ጤንነቱ ተጐድቶ ነበረ። ፋብሪካውን ከፍርስራሽ ያስነሣው በቦታው የተመደበው እንግሊዛዊ መኮንን ሜጀር አይቫን ኸርስት ነው። ያች መኪና በመጨረሻ ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ መሠራቷ እስኪቆም ድረስ 21,529,464 ተመርታለች።

ቮልስ በሀገራችን

ከነዚህ ሚሊዮኖች መካከል ጥቂቶቹ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ቮልስ የሚል የቤት ስም አወጡ። ራዲያተርና ውሃ የሌላት በመሆኗ፥ ሞተሯም ከኋላ ሆኖ የሚገፉትን ጎማዎች በክብደቱ ወደ መሬት ስለሚጫን፥ ለዳገትና ለኮረኮንች የተመቸች ሆና ተገኘች። አሠራሯ ቀላል ስለሆነ ብዙ የሀገራችን መካኒክ ሞተር አውርዶ መግጠምን የተማረው በእርሷ ላይ ነው። በሀገራችን ታሪክ ውስጥም ከባድ ስፍራ ይዛለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ ዋገን የኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። በቤተ መንግሥቱ ጋራዥ ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሥ በሕዝብ መኪና መወሰዳቸው ታስቦበት የተደረገ መሆኑን ሁሉም ተረድቶት ነበረ።

ከቮልስ አካል የተገኙ ሁለት ዘሮች

የፖርሸን ስም ዛሬ የተሸከመው የስፖርት መኪና የልጁ የፌሪ ሥራ ነው። ቤተሰቡ ቢሮውን ወስዶበት በነበረው በኦስትሪያ፥ በግሙንድ ከተማ በአሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ፥ ፌሪ ከፎልክስዋገን ሞተርና መሪ፥ ፍሬንና ማርሽ ተነሥቶ 356 የተባለውን መኪና ሠራ። የመጀመሪያው ሰኔ 8 ቀን 1948 የመንገድ ፈቃድ አገኘ። በግሙንድ የተሠሩት ሃምሳ ያህሉ መኪናዎች ቦዲያቸው በእጅ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ነበረ። ከ1950 ጀምሮ በስቱትጋርት በብረት ላሜራ ተሠሩ። ሽማግሌው ፖርሸ የልጁን ሥራ አይቶ አጸደቀ። በ1950 መጨረሻ በቮልፍስቡርግ ፋብሪካውን ከጐበኘ በኋላ የደም ግፊት አደጋ ደርሶበት፥ ጥር 30 ቀን 1951 በሰባ አምስት ዓመቱ ሞተ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ጥንቱ ቦታ ይመለሳል። 356 ራሱ አካሉ ከቮልስ የተወሰደ ከሆነ፥ በአሜሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቮልስ ወለል ላይ የ356ን መልክ በፋይበር ግላስ እያስመሰሉ የተሠሩት መኪናዎች ከእርሱ በምን ይለያሉ? ልዩነቱ በሥራው ውስጥ ነው። የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.40 ሜትር ሲሆን የ356 2.10 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቅጂ ሠሪው የቮልሱን ወለል ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቈርጦ መበየድ ግድ ይሆንበታል። የእውነተኛው ወለልና ቦዲ ግን አንድ ሆኖ የተበየደ ብረት ስለሆነ ክብደቱንም የመንገዱንም ግፊት በጋራ ይሸከማል። ፋይበር ግላሱ መልክ እንጂ ኀይል አይሸከምም። የብየዳው ጥራት ካልተረጋገጠ ቅጂው በውበቱ ሳይሆን በአደጋው ይታወቃል።

ሌላው ዘር ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። ጋዘል በሚል ስም በአሜሪካ የተሸጡ የመገጣጠሚያ ዕቃዎች በቮልስ ሻንሲ ላይ የመርሴዲስ ኤስ ኤስ ኬን መልክ የሚያለብሱ ነበሩ። የአንድ ሰው ሁለት ሥራዎች፥ አንዱ አካል አንዱ ልብስ ሆነው፥ እርሱ ባላሰበው መንገድ ተገናኙ። ረጅሙ ኮፈን ሲከፈት በውስጡ ሞተር የለም፤ ሞተሩ ከኋላ ነው። የጭስ ማውጫ መስለው ከጎን የወጡት ቱቦዎችም ጭስ አይተላለፍባቸውም። ለዓይን ደስ ያሰኛል፥ ለመሐንዲስ ግን ምክንያቱ የጠፋበት ቅርጽ ነው።

በአዊ ዞን ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰለፉ የፈረሱ ጌጥና ኮርቻ ዓይን ይማርካል። ሆኖም በጥርባም ሆነ በዳንግላ ፈረስ የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚተምነው ኮርቻውን አውርዶ፥ ጥርሱን አይቶ፥ አረማመዱን መርምሮ ነው። ያጌጠ በቅሎን ፈረስ ነው ብሎ መሸጥ ነውር ነው፤ በቅሎን በቅሎ ብሎ ማስጌጥ ግን ማንንም አያስነውርም።

የቅጂ መልካሙና ክፉው

ቅጂ ሁሉ የሚነቀፍ አይደለም። የፖርሸ ሙዚየም የ1900ውን ባለ ሁለት ኀይል መኪና ከአሮጌ ፎቶግራፎችና ንድፎች ተነሥቶ በ2011 እንደገና አሠርቶ፥ ቅጂ መሆኑን ገልጾ ለሕዝብ አሳይቷል። ሶቪየቶች ከጦርነቱ በኋላ የወሰዷቸውን የአውቶ ኡንዮን የውድድር መኪናዎች ለመተካትም አውዲ በእንግሊዝ ሀገር ቅጂዎች አሠርቷል። የጠፋውን ሥራ አሠራሩን ተከትሎ መልሶ መሥራት ዕውቀትን ከሞት ያድናል። የሠሩት ሰዎች ከጥንቱ መሐንዲስ ጋር በብረት ቋንቋ ይነጋገራሉ።

በሌላ በኩል እውነተኛነት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ለበርሊንና ሮም ውድድር በ1939 ከተዘጋጁት ሦስት መኪናዎች አንዱ ነሐሴ 2019 በካሊፎርኒያ ለጨረታ ሲቀርብ፥ በፎልክስዋገን ስም የተሠራ ስለሆነ ፖርሸ ሊባል አይገባም የሚል ክርክር ተነሣ፤ በአዳራሹ በተፈጠረ የቁጥር ስሕተትም ጨረታው ሳይሳካ ቀረ። በመኪናው ፊት ያሉትን የፖርሸ ፊደላት ከጦርነቱ በኋላ የለጠፈው ፌሪ ነበረ። እውነተኛነት በፊደል ሳይሆን በታሪኩ ሰንሰለት እንደሚጸና ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

ስለሆነም ምርጫው ለሦስት ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ ይወሰናል። መኪናው የተፈለገው ለምንድን ነው? ለዕለት መንዳትና ለደስታ ከሆነ፥ በጥንቃቄ የተሠራ ቅጂ አዳዲስ መለዋወጫ ስለሚቀበልና የፋይበር ግላስ ቦዲው ስለማይዝግ ባለቤቱን አያሳስበውም። እውነተኛው ግን ዋናው ሞተር አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ የማይተካ ነገር ይጠፋል፤ ስለዚህ ባለቤትነት ሳይሆን አደራ ጠባቂነት ይሆናል። ሁለተኛው ጥያቄ ለቅጂው ሲባል ምን ይፈርሳል የሚለው ነው። ወለሉ በዝገት ያለቀ ቮልስን መልክ ለውጦ ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ፥ ሞተሩና ላሜራው ሙሉ የሆነውን የስድሳ ዓመት ቮልስ ለሐሰተኛ ፖርሸ ሲሉ መቈራረጥ ግን እውነተኛን አጥፍቶ አስመሳይን መሥራት ነው። ሦስተኛውና የማይታለፈው ደግሞ ስሙ ነው። ቅጂው ቅጂ ተብሎ ከተሸጠ ንግድ ነው፤ ዋና ተብሎ ከተሸጠ ማታለል ነው፤ ቁጥር ፍቆ ሌላ የመታበት መካኒክም ተባባሪ ነው።

ፖርሸ የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ሆኖ ተወልዶ፥ የሌሎችን ሐሳብ ከራሱ ጋር እያዋሐደ፥ ዓለምን የለወጠ ሥራ ትቶ አለፈ። ሌድቪንካና ጋንስ የሚገባቸው ስም በጊዜው ቢሰጣቸው ኖሮ የእርሱ ክብር ባልቀነሰ ነበረ፤ ተነፍጎ በመቈየቱ ግን ዝናው ላይ የማይለቅ ጥላ ጥሏል። በጋራዥ ውስጥ ያለው ሕግም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሥራውን ምንጭ፥ የተለወጠውን ክፍልና የተጨመረውን ዕቃ በግልጽ መዝግቦ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ባለሙያ፥ ዋናውንም ያድስ ቅጂውንም ይሥራ፥ ሥራው እውነተኛ ነው።